ደሙ የጠፋበት ትምህርት፤ ስለ ወር አበባ በትምህርት ቤት የሚነገረው ሲመረመር

የዚህ ሐተታ መነሻ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ አንድ ሥዕል ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ሥዕሉን እንደሚያስታውሱት አንጠራጠርም፤ አናቱ ሰፋ ብሎ ወደ ታች የሚጠብ ማህፀን፣ ከግራና ከቀኙ እንደ በሬ ቀንድ ወጥተው የታጠፉ ሁለት ቱቦዎች፣ በየጫፋቸውም አንዳንድ የእንቁላል ዕጢ። መምህራችን በነጭ ጠመኔ ቀስት እየሳቡ ክፍሎቹን በየስማቸው ጠሩ፤ እኛም በየደብተራችን ገለበጥን። እንቁላሉ ከዕጢው ይወጣል፤ በቱቦው ውስጥ ያልፋል፤ ዘር ካላገኘው የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ይፈርሳል። ትምህርቱ እዚህ ላይ ሲደርስ መምህሩ ሰዓታቸውን ተመለከቱና «የቀረውን እቤታችሁ አንብቡት» ብለው ሰሌዳውን ጠረጉ። ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ልጆች ሳቁ፤ ሴቶቹ አቀረቀሩ።

በዚያን ቀን ከሴቶቹ ልጆች አብዛኞቹ ደሙን ካዩ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከእነርሱ አንዲቱ፣ ዛሬ ከእኛ ጋራ የምትማር፣ የራሷን ነገር በኋላ አጫውታናለች። የመጀመሪያውን ደም ያየችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ሹራቧን በወገቧ ላይ አሥራ ቤቷ ገባች። ለእናቷም አልነገረችም፤ ወንድ የነካት መስሏቸው እንዳይቆጡ ፈርታለችና። ሌሊቱን ሙሉ የምታስበው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ይቆማል ወይስ አይቆምም?» ከዓመት በኋላ የሰሌዳው ሥዕል ስለ እንቁላሉ መንገድ ብዙ ነገር አስተማራት፤ ለዚያ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረበትም።

በዚህ ጽሑፍ ትምህርቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ብለን አንከራከርም። እርሱ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የምንመረምረው የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደያዘና ምን እንዳስቀረ ነው። ይህን የጻፍነው ተማሪዎች ሴቶችም ወንዶችም ነን፤ ከመካከላችን ወንዶቹ ስለ ነገሩ መጀመሪያ ያወቅነው ከዚያ ከኋላ ወንበር ከተሰማው ሳቅ መሆኑን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ነገሩን ከስሙ እንጀምር። «የወር አበባ» የሚለው አጠራር ዛሬ በመጽሐፍም፣ በሐኪም ቤትም፣ በጋዜጣም የጸና ነው። መልካም ስም ነው፤ አበባው ከፍሬው ቀድሞ እንደሚታይ ሁሉ ይህም ልጅ ከመውለድ በፊት የሚታይ ምልክት መሆኑን ያመለክታል። ከእርሱ ሌላ «አደፍ» የሚል ስም አለ፤ ይህም እድፍ ከሚለው ቃል ጋራ የአንድ ሥር ልጅ ነው። «መርገም» የሚልም አለ፤ ትርጉሙ ግልጽ ነው። «ግዳጅ» ሲባል ከሴት ላይ የማይወርድ ግዴታ መሆኑን ያሳያል፤ የግእዙም «ልማደ አንስት» የሴቶች ልማድ ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ስም ያስጌጣል፣ አንዱ ያሳድፋል፣ አንዱ ይረግማል፣ አንዱ ያስገድዳል፣ የመጨረሻውም የተለመደ ነው ብሎ ያልፋል። ከአምስቱ አንዱ ስንኳ በልጅቱ ላይ የሚሆነውን ነገር አይናገርም። የሚናገረው በየመንደሩ ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሚሰማው አነጋገር ነው፤ «ደም አየች» ይላሉ። አበባ ይመጣልሻል ተብላ የተነገራት የ11 ዓመት ልጅ በውስጥ ልብሷ ላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነገር ስታይ (የመጀመሪያው ደም ብዙ ጊዜ መልኩ እንዲህ ነው) ሁለቱን ለማገናኘት ምን ምክንያት አላት? ስለዚህ «ደም ማየት» የሚለው አነጋገር ከ«የወር አበባ» አጠገብ በመማሪያ መጽሐፍ ቢገባ የሚያስነውር ነገር አናይበትም።

ሌላም ስም አለ፤ እርሱ የሚከብደው ለልጅቱ ስለሚሰጣት ደረጃ ነው። ደም ያየች ልጅ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ትባላለች። ይህ ስም ሲነገር አባትና እናት የሚሰሙት ለጋብቻ መድረሷን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ብሎ የጋብቻን ዕድሜ ለይቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ስለዚህ በሕግ ዓይን ደሙና ጋብቻው ከተለያዩ ዓመታት አልፈዋል፤ በቋንቋችን ግን አሁንም እንደ ተጋቡ ናቸው። ልጅቱ ደሟን የምትደብቀው ሁልጊዜ አፍራ አይደለም፤ አንዳንዴ የሽማግሌ መላኪያውን ቀን ማራዘሟ ነው። የሥነ ሕይወት መምህሩ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ማለትም ደም ማየት ለማግባት መድረስ አለመሆኑን፣ በክፍል ውስጥ ቢናገር ከሥዕሉ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ በሠራ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ይኸውም ከትምህርት ቤት በፊት ስለዚህ ነገር የሚያስተምር ማን ነበር የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ማንም አልነበረም፣ ሁሉም ጨለማ ነበር ብለን እንገምታለን። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 ስለ ሴት ደም በግልጽ ይናገራል፤ ቀኑንም ሰባት ብሎ ይቆጥራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በደሟ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ የምትሳለመውን ያየ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። በእስልምና ሶላቱ ይነሳላታል፤ የረመዳን ጾሟንም ፈትታ በኋላ ቀኑን ትከፍላለች። የሃይማኖቱ ሊቃውንት ሐይድ ስለሚሉት ደም ሲያስተምሩ መልኩን ይለያሉ፣ ቀኑን ይወስናሉ፤ በሻፊዒ መዝሀብ ከ15 ቀን፣ በሐነፊ ከ10 ቀን በላይ የሚፈሰው ሐይድ ተብሎ አይቆጠርም። የቤተ እስራኤል ሴቶችም በሰሜን ኢትዮጵያ በሚኖሩበት ጊዜ ከመንደሩ ዳር በተሠራ ጎጆ ሰባት ቀን ይቀመጡ ነበር። ስሙም ሳይሸሸግ የደም ቤት፣ የመርገም ጎጆ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ በፎቅ ቤት ውስጥ ጎጆው የሚቆምበት ቦታ አልነበረም፤ አንዳንዶቹ ሴቶች በረንዳውን እስከ መጠቀም ደርሰዋል።

ይህን ስንጽፍ ወደ ጎጆው እንመለስ ማለታችን አይደለም። ከሰው መለየት ከባድ ነገር ነው፤ ርኩስ መባልም ልጅን ይጎዳል። ነገር ግን በጎጆው ውስጥ ልጅቱ ብቻዋን አልነበረችም፤ ትልልቆቹ ሴቶች አብረዋት ተቀምጠው ነበር፤ ስንት ቀን እንደሚቆይም ታውቃለች። ካህኑም፣ ሼኹም፣ የደም ቤቷም ሴት ደሙን ደም ብለው ጠርተውታል፤ የሰጡት ትርጉም ያጨቃጭቅ ይሆናል እንጂ ነገሩን አልደበቁም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ኀፍረቱን ለማስወገድ ተነሣ፤ የምናመሰግነውም ለዚህ ነው። ግን ኀፍረቱን ሲያስወግድ ደሙንም አብሮ አስወገደው። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የቀረው ነጭ ጠመኔ ነው።

ይህ ጉድለት የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት በዚህ ረገድ እጅግ የታወቀውን የአሜሪካ ፊልም እንመርምር። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1946 «የወር አበባ ታሪክ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል አሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የካርቱን ፊልም ሠራ። ያሠራው ኮቴክስ የተባለውን የንጽሕና መጠበቂያ የሚሸጠው ኩባንያ ነበር። ከ100 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ተማሪዎች እንዳዩት ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠብቀው እንዲቆዩ ከሚመረጡት የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ገብቷል። ማየት የሚፈልግ ዛሬም በቀላሉ ያገኘዋል፤ እኛም ደጋግመን አይተነዋል።

ፊልሙ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ይህን አስቀድሞ መመስከር ይገባል። የምትናገረው ሴት ድምፅ የተረጋጋ ነው። ዕጢዎች ሆርሞን እንዴት እንደሚልኩ፣ ማህፀን ሽፋኑን እንዴት እንደሚሠራና እንደሚያፈርስ ያስረዳል፤ ልጅቱ ሰውነቷን መታጠብ እንደምትችል፣ መጠነኛ እንቅስቃሴም እንደማይጎዳት ይናገራል። በ1946 እነዚህን ነገሮች በተማሪዎች ፊት መናገር ቀላል ድፍረት አልነበረም። ይሁን እንጂ ማህፀኑ ሽፋኑን ሲያፈርስ በሚታይበት ቦታ ላይ የሚፈሰው ነገር ነጭ ነው፤ እንደ በረዶ ነጭ። ፊልም ሠሪዎቹ ቀይ ቀለም አጥተው አይደለም፤ ያው ድርጅት በ1937 ባሳየው የስኖው ዋይት ፊልም ላይ ያለው ፖም ምን ያህል ቀይ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ሰምተውት ሳለ ለዓይን የከለከሉት ደሙን ነው።

ሌላም ነገር እናንሣ። በፊልሙ ውስጥ በመስተዋት ፊት የምታለቅስ ልጅ አለች፤ የሚሰጣት ምክር ለራሷ ማዘኗን ትታ መልኳን እንድታሰማምር፣ ቀጥ ብላም እንድትቆም ነው። ለምን እንደምታለቅስ የሚጠይቃት የለም። እንቁላሉ ዘር የሚያገኘው እንዴት እንደሆነም አይነገርም፤ ልጅቱ አድጋ እናት ትሆናለች፣ ሕፃንም ትታቀፋለች፣ በመካከሉ ያለው ግን ተዘሏል። ከፊልሙ ጋራ ለተማሪዎቹ የሚታደል ትንሽ መጽሐፍ ነበረ፤ በእርሱም የኩባንያው ዕቃ ተዋውቋል። ኩባንያው ክፉ አድርጓል አንልም፤ መንግሥትና ቤተሰብ ዝም ባሉበት ጊዜ የተናገረው እርሱ ነው። ነገር ግን መምህሩ ነጋዴ ሲሆን ትምህርቱ ስለ ዕቃው መሆኑ አይቀርም፤ ዕቃው ደግሞ የሚሸጠው ደሙ የማይታይ በመሆኑ ነው። የዚህን ልማድ ርዝመት ለመገመት የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ማስታወስ ይበቃል፤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በንጽሕና መጠበቂያው ላይ የሚፈሰው ሰማያዊ ውሃ ነበር። ሊብሬስ የተባለው ኩባንያ ቀይ ፈሳሽ በማስታወቂያው ላይ ሲያሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ትልቅ ዜና ተወራለት።

እኛም ከዚህ ንግድ የወረስነው አንድ ቃል አለ፤ ሞዴስ። የአንድ የውጭ ኩባንያ ዕቃ ስም ነበር፤ ዛሬ በየሱቁ ምንም ዓይነት ይሁን «ሞዴስ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ባለ ሱቁም በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ይሰጣል። ፌስታሉ ለምን ጥቁር እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

ወደ ትምህርቱ ጊዜ እንለፍ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የከፋው ስሕተት እዚህ ላይ ነውና። የሴት ልጅ ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረበት አንሥቶ የመጀመሪያው ደም እስኪታይ በአማካይ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። ይህ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ በየቤቱም የታወቀ ነው፤ እናት የልጇን ደረት አይታ «አጎጠጎጠች» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ደሙ ድንገት የሚመጣው ለልጅቱ ብቻ ነው እንጂ ለትልልቆቹ አይደለም። የሁለት ዓመት ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ ግን የሚጠብቀው ሥዕሉ ያለበትን ክፍል ነው። በገጠር ዘግይታ የተመዘገበች ልጅ በ4ኛ ክፍል 13 ዓመት ሊሆናት ይችላል፤ ክፍል የደገመች ደግሞ ከዚያም በላይ። ከእነዚህ ልጆች ስንቶቹ ሥዕሉ ወዳለበት ክፍል ከመድረሳቸው በፊት ትምህርታቸውን እንደሚያቋርጡ መምህራን ሁሉ ያውቃሉ። ለእነርሱ ሥዕሉ ጭራሽ አይሣልም። ትምህርቱን በክፍል ቁጥር ከመወሰን በልጅቱ ዕድሜ መወሰን የሚሻለው ስለዚህ ነው፤ 9 ወይም 10 ዓመት የሞላትን ልጅ በየትኛውም ክፍል ብትሆን አንዲት ሴት መምህርት ለግማሽ ሰዓት ብታነጋግራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መጽሐፉ የያዛቸው ቁጥሮችም ትችት ያስፈልጋቸዋል። ሁላችንም የምናውቀው 28 ቀን የሚል ክብ ሥዕል ነው። 28 የብዙ ሴቶች አማካይ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፤ ደም ማየት በጀመረችባቸው የመጀመሪያ ዓመታት በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከ21 እስከ 45 ቀን ቢያልፍ ጤነኛ ነው። ይህ ያልተነገራት ልጅ ክቡን አይታ በሽተኛ ነኝ ትላለች፤ ወይም በ29ኛው ቀን ሳይመጣ ሲቀር በሌላ ነገር ትጨነቃለች። ደግሞም ቁጥሩ ከእኛ የቀን አቆጣጠር ጋራ ተስማምቶ አልተጻፈም። ወራችን 30 ቀን ነው፤ እናቶቻችንም ቀን የሚይዙት በወር በዓላት ነው። 28 ቀን ማለት በ21 በማርያም ዕለት የታየ ደም በሚቀጥለው ወር በ19 በገብርኤል፣ ከዚያም በ17 በእስጢፋኖስ ይታያል ማለት ነው። እንዲህ ተብሎ የተነገራት የክርስቲያን ልጅ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም፤ የሙስሊሟም ልጅ የራሷ የጨረቃ ወር አላት። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዓለም የሚከበረው የወር አበባ ንጽሕና ቀን ሜይ 28 የሆነው ስለ 28ቱና ስለ አምስቱ ቀናት ነው ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ሆኖ ስለሚውል የቁጥሩ ምስጢር ይጠፋል፤ ያ ቀን ለረጅም ጊዜ በአገራችን በሌላ ጉዳይ ሲከበር የኖረ ነው።)

የደሙ መጠን ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ አልተነገረንም። በጠቅላላው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቤታችን መለኪያ ግማሽ የቡና ሲኒ ቢሆን ነው። ደሟ ሁሉ ፈስሶ የሚያልቅ ለመሰላት ልጅ ይህ አንድ ቁጥር ከሆርሞኖቹ ስም ሁሉ ይጠቅማት ነበር።

በዚህ ላይ ሥራ አልተሠራም ብንል ሐሰት ይሆናል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማርኒ ሶመር በታንዛንያ የጀመሩት፣ በኋላም ግሮው ኤንድ ኖው በተባለው ድርጅት አማካይነት በሌሎች አገሮች የቀጠለው ሥራ መንገዱ ያስደስተናል። መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት የአገሩ ልጃገረዶች የመጀመሪያ ደማቸውን ያዩበትን ቀን ራሳቸው እንዲጽፉ ይጠየቃሉ፤ የጻፉትም በመጽሐፉ ውስጥ ይገባል። ለኢትዮጵያ ልጃገረዶችም በዚሁ መንገድ የተዘጋጀ መጽሐፍ አለ። ከሰሌዳው ሥዕል ጋራ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ በዚህኛው የምትናገረው ልጅቱ ናት፤ ፍርሃቷም እንደ ዕውቀት ተቆጥሮ ተጽፏል። የምንሰጋው ስለ ቦታው ነው። በአገራችን ከፈተና ውጭ የሆነ መጽሐፍ ምን ያህል መልካም ቢሆን በዳይሬክተሩ ቁም ሣጥን ውስጥ መቀመጡ የተለመደ ነው።

ስለ ዕቃውም ጥቂት እንበል። ፍሬወይኒ መብራህቱ በመቀሌ ባቋቋሙት ፋብሪካ ታጥቦ ደግሞ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ በመሥራታቸውና በየትምህርት ቤቱ ስለ ነገሩ በግልጽ እንዲነገር በመድከማቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧቸዋል። የሚገባቸው ነው። ታጥቦ የሚደገም ጨርቅ ግን ውሃ፣ ሳሙናና ፀሐይ ይፈልጋል። ከሦስቱ በነፃ የሚገኘው ፀሐይ ነው፤ ልጅቱ ግን ጨርቁን ወንድሞቿ እንዳያዩት ከአልጋ ሥር ታሰጣዋለች፤ ሳይደርቅም መልሳ ታደርገዋለች። ኀፍረት በጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዚህ ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አላገኘንም። በመማሪያ መጽሐፉ ግን «ንጽሕናን መጠበቅ» ተብሎ በሁለት ቃል ታልፏል። በር የሌለው፣ ውሃ የሌለው የትምህርት ቤት ሽንት ቤት እያለም እነዚያን ሁለት ቃላት ማስተማር ለመምህሩም ያሳፍራል።

ስለ መምህሩ ከተነሣ፣ እኛ ያንን ሰሌዳ የጠረጉትን መምህር አንወቅሳቸውም። ወንድ ናቸው፤ 60 ተማሪ ፊት ቆመዋል፤ በማሠልጠኛ ስለዚህ ነገር እንዴት እንደሚነገር አንድ ቀን ያስተማራቸው እንደሌለ እናምናለን። የሚያስፈራቸውም ሴቶቹ ልጆች አልነበሩም፤ የኋላው ወንበር ነው። ስለዚህ አንዳንዶች እንደሚሉት ወንዶቹን ከክፍል አስወጥቶ ለሴቶቹ ብቻ መንገር ግማሽ መፍትሔ ነው። ለመጀመሪያው ንግግር፣ ልጅቱ የራሷን ጥያቄ እንድትጠይቅ፣ ሴቶቹን ለብቻ ማድረግ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ግን ወንዶቹም በዚያው ቃል፣ በዚያው ግልጽነት መማር አለባቸው። በቀሚስ ላይ ያለ እድፍ አይቶ የሚጮኸው ልጅ ካልተማረ የተማረችዋም ልጅ በወር አራትና አምስት ቀን እቤቷ መቅረቷን አትተውም።

መተቸት ብቻ እንዳይሆንብን በመጽሐፉ ሥዕል ሥር ሊገባ ይችላል ያልነውን አንድ አንቀጽ ራሳችን ሞክረን ጽፈናል። አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም የሕክምናና የትምህርት ክፍል መምህሮቻችን፣ እንዲያርሙን ከዚህ በታች እናቀርበዋለን።

«ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜሽ፣ ብዙ ጊዜም ጡትሽ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ አንድ ቀን በውስጥ ልብስሽ ላይ ደም ታያለሽ። ቀይ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቡና አተላም ሊጠቁር ይችላል። አልታመምሽም። ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ወንድ ስለነካሽ የሚመጣም አይደለም። ለማግባት ደርሰሻል ማለትም አይደለም። ደሙ የሚመጣው ከማህፀንሽ ነው፤ ሁሉም ቢሰበሰብ ግማሽ ሲኒ ያህል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሆድሽን ሊቆርጥሽ ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ አድርጊ፤ በቀን ደጋግመሽ ለውጪ፤ ጨርቁን በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ገላሽን ታጠቢ፤ ትምህርት ቤትም ሂጂ። ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ ወይም ቁርጠቱ ከአልጋ ካላስነሣሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ለእናትሽ፣ ለእኅትሽ ወይም ለአንዲት መምህርት ንገሪ።»

አንቀጹን በመጀመሪያ ያነበብንላት ለዚያች በመግቢያችን ላይ ለጠቀስናት ጓደኛችን ነው። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችን። ስለ ሲኒው ሳቀች፤ ስለ ፀሐዩም ተስማማች። ከዚያ «ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል» ወደሚለው ተመልሳ ይህ ልክ አይደለም አለችን። ቁጥሩ ከሐኪም መጽሐፍ የተገኘ መሆኑን ነገርናት።

«ቁጥሩን አላልኩም» አለች፤ «ይቆያል የምትሉት ለትልቅ ሰው ነው። እኔ ያን ሌሊት ይቆያል የሚል ነገር ብሰማ ኖሮ ይብስ ነበር የማለቅሰው። ይቆማል በሉ።»

ቃሉን ለውጠነዋል።